የሦስት ደቂቃዋ ታሽኬንት

«ሰው አለኝ» ማለት አንድ ቀን ጉድ እንደሚያደርገኝ ባለቤቴ ሰብለ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ምን ላድርግ፣ ከአፌ አትጠፋም። መኪናዬ ተበላሸ ሲሉኝ «ሰው አለኝ»፤ የሚከራይ ቤት አጣሁ ሲሉኝ «ሰው አለኝ»። አንድ ጊዜማ ጎረቤታችን ጥርሱን ሲያመው «ሰው አለኝ» ብዬ ኦበርን ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሰውየው አገር ቤት ሳለ ሐኪም እንደነበር እርግጠኛ ነበርኩ። የከብት ሐኪም እንደነበር የሰማነው ጎረቤቴ አፉን ከከፈተ በኋላ ነው።

አትፍረዱብኝ። ሲያትልና ዙሪያዋን የምንኖር ሐበሾች እንዲሁ ነን። ዓለም በሙሉ ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ አንድ ነገር ማወቅ ስንፈልግ ቀድሞ የሚታወሰን ሰው ነው። ሰው ደግሞ እንደ ስልክ አይደለም። የጠየቁትን ብቻ ነግሮ ዝም አይልም፤ ሲበቃችሁም አይጠፋላችሁም።

ልጄ ናርዶስ አሥር ዓመቷ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ናት። ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሲያትል በየአህጉሩ «እህት ከተማ» የምትላቸው ከተሞች አሏት። ዘመድ ማብዛት የምትወድ ከተማ ናት። የናርዶስ መምህርት የእህቶቹን ስም በየወረቀቱ ጽፋ፣ ጠቅልላ፣ ልጆቹን ዕጣ አስወጣቻቸው። ለጓደኛዋ ሬይክያቪክ ደረሳት፣ ለአንዱ ልጅ ሞምባሳ፣ ለኔ ልጅ ደግሞ ታሽኬንት። እያንዳንዱ ተማሪ የደረሰውን ከተማ ከሕዝቡ ብዛት እስከ ምግቡ አጥንቶ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ወላጆች በተገኙበት ሦስት ደቂቃ ይናገራል። ሦስት ደቂቃ፣ አንዲት ሰከንድ ሳትጨመር።

ይህቺ ሦስት ደቂቃ ለእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለችም። ባለፈው ዓመት ናርዶስ ስለ ንቦች ልትናገር ክፍሉ ፊት ቆማ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገረች ድምጿ ጠፋ። ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች። እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላየሁም። ኤርፖርቱ ጋ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል ሰው የምታመላልስ አውቶቡስ ነው የምነዳው፤ ልጄ ፊቷ ቀልቶ ስትቀመጥ እኔ የሰው ሻንጣ እጭን ነበር። ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እንደማታውቅ መምህርቷ ነግራናለች። ስለዚህ ዘንድሮ ፈረቃ ቀይሬ እንደምመጣ ማልኩላት፤ የምትፈልገውን ሁሉ እንደማዘጋጅላትም ማልኩላት።

«ዳዲ፣ ታሽኬንት የት ነው?» አለችኝ።

የት እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ማን እንደሚያውቅ ነው።

«ታሽኬንት? ሰው አለኝ!» አልኩ።

ሰብለ እጇ ላይ ያለውን ማንኪያ አስቀመጠች። ማንን እንዳሰብኩ ወዲያው ገብቷታል። «እንዳታደርገው!» አለችኝ።

ጋሽ ዘውዴን የሲያትል ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የሚያውቃቸው ግን ከሩቅ ነው። በደርግ ጊዜ መንግሥት ለትምህርት ልኳቸው ታሽኬንት ስድስት ዓመት ኖረዋል። ጥጥ በመስኖ ማልማት ተምረው፣ አዋሽ ሸለቆ ጥጥ እርሻ ላይ ዕድሜያቸውን ሠርተው፣ በስተርጅና ልጃቸው ትዕግሥት እዚህ ዴ ሞይን አመጣቻቸው። እዚህም ጥቂት ዓመት መኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት ሲቀበሉ ቆይተው አሁን ከሥራ አርፈዋል። ደግ ሰው ናቸው፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሰው አይተው ሳይነሱ አይቀሩም። አንዲት ነገር ብቻ አለቻቸው። የምንም ወሬ ይነሳ «ታሽኬንት ሳለሁ…» ብለው ይጀምራሉ፤ ከጀመሩ ደግሞ ማብቂያ የለም።

ዝናብ ዘነበ ብትሏቸው የታሽኬንት ዝናብ አለ። ሠርግ ላይ ሙሽሪት ስትገባ የታሽኬንት ሙሽራ አብራት ትገባለች። አንድ ለቅሶ ላይማ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ የሟች ደግነት እየተወራ ሳለ አንድ የታሽኬንት ፕሮፌሰር ድንገት መጥቶ ሟቹን ከገዛ ለቅሷቸው አስወጣቸው። እኛም ቀስ በቀስ ተማርን። ክርስትና ላይ ጋሽ ዘውዴ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ዙሪያውን ባዶ ነው፤ ያልሰማ እንግዳ ብቻ ሄዶ ይቀመጥበታል። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ሳምንት ያልሞላው አንድ ጎልማሳ አጠገባቸው ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ሲነሳ፣ «እኔ እኮ አሜሪካ ነበር የደረሰኝ» አለ ይባላል።

እኔም የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ጋሽ ዘውዴ «ታሽ…» ሲሉ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ሄሎ» እያልኩ ወደ በሩ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንደዚያ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስል ጆሮዬ ላይ ያለው ስልክ የእውነት ጮኸ። ጋሽ ዘውዴ አይተው እንዳላዩ ሆኑልኝ። «አንሳው ልጄ፣ ሥራ ይሆናል» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ዘዴውን ግን አልተውኩትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩላቸው።

«ማነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

ለአሥራ አምስት ዓመት ደውዬላቸው ስለማላውቅ አልተቀየምኩም። «ኧረ ሁሉ ሰላም ነው ጋሼ። ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ታሽኬንት ፕሬዘንቴሽን አለባት። ሶ፣ ጥቂት ነገር ቢያጫውቱን ብዬ ነው።»

ዝም አሉ። ጋሽ ዘውዴ ዝም ሲሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«መቼ ነው የምቀርበው?» አሉኝ።

ይኸውላችሁ፣ እዚህች ላይ «አይ ጋሼ፣ የምትቀርበው ልጅቷ ናት» ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል ናት፤ በኋላ ቆጥሬያታለሁ። ግን እስቲ በኔ ቦታ ሁኑት። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ድንገት የሠላሳ ዓመት ሰው ድምፅ ሆኖ፣ መቼ ነው ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎን ማን ጠራዎት ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። የተጠየቅኩትን ብቻ መለስኩ።

«ዓርብ ነው ጋሼ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።»

«ሱፍ ይለበሳል?»

«ደስ እንዳለዎት።»

«ሱፍ ነው እንጂ! ሕፃናት ፊት ነው የምንቆመው» ብለው ዘጉት።

ሰብለ ምን አሉ ስትለኝ «ይመጣሉ» አልኳት። የት ነው የሚመጡት አለች። ትምህርት ቤት ስላት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ልጅቷ ያላት ሦስት ደቂቃ ነው። ጋሽ ዘውዴ በሦስት ደቂቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው አይጨርሱም። ዛሬውኑ ደውለህ ንገራቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለትማ ማን ብሎኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ጋሽ ዘውዴ «ለዝግጅት» እቤታችን ቡሪየን ድረስ መጡ። በአንድ እጃቸው የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዘዋል። ሲዘረጉት የገና ስጦታ መጠቅለያ ነው፤ በጀርባው በኩል የታሽኬንትን ከተማ በሙሉ ከነመንገዷ ከነቦዮቿ በእስክሪብቶ ስለውታል። በሌላው እጃቸው አሥር ገጽ ጽሑፍ አለ። አንገቴን አስግጌ ርዕሱን አነበብኩ። «የታሽኬንት ከተማ አጠቃላይ ገጽታ» ይላል፤ ከሥሩ «ክፍል አንድ» የሚል አለው።

ናርዶስ ታብሌቷን ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ያጠናችውን በእንግሊዝኛ ጀመረች፦ ታሽኬንት የመካከለኛው እስያ ትልቋ ከተማ ናት፤ የሕዝቧ ብዛት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነው።

«ሐሰት ነው» አሉ ጋሽ ዘውዴ በአማርኛ። «ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ።»

«ያ ድሮ ነው» አለቻቸው ልጄ፣ አማርኛዋን እየፈለገች። «አንተ ኦልድ ስለሆንክ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አንተ» ማለቷ ሳያንስ «ኦልድ»! ጋሽ ዘውዴ ግን እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልክ ናት። እኔ የማውቃት ታሽኬንት ኦልድ ናት። ያንቺን አሳዪኝ» አሏት።

አሳየቻቸው። በታብሌቱ ላይ መንገዱን በፎቶ እየሄዱ የሚያዩበት ካርታ አለ አይደል፣ እሱን ከፍታ መሐል ታሽኬንት ላይ አወረደቻቸው። ጋሽ ዘውዴ ታብሌቱን እንደ ትኩስ ሰሃን በጣቶቻቸው ጫፍ ያዙት። ከዚያ መንገድ መምራት ጀመሩ። «ቀጥ በይ። አሁን ወደ ቀኝ። እዚያ ጋ ዳቦ የሚሸጥ ሰውዬ አለ፣ እሱ ጋ ስትደርሺ ወደ ግራ ታጠፊ።»

«ጋሼ፣ ዳቦ የሚሸጥ ሰው የለም።»

«ምሳ ሄዶ ይሆናል። አንቺ ታጠፊ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሄዱ። ሶፋ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ በመሐሉ «ቆዪ ልጄ፣ እግሬ ዛለ» ብለው አረፍ አሉ። እኔም በበኩሌ ሳላስበው ስሰማ ዋልኩ። ከተማዋ እሳቸው ከመሄዳቸው በፊት በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ፣ ከየአገሩ ግንበኛ መጥቶ እንደ አዲስ ያቆማት ናት አሉ። በየመንገዱ ዳር ከዛፉ ሥር ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ፤ በሐምሌ ሐሩር የተማሪው ሁሉ እግር እዚያ ውስጥ ነበር። የባቡር ጣቢያዎቹ ከመሬት በታች ሆነው ቤተ መንግሥት ይመስላሉ። ይህን ሁሉ ለአሥራ አምስት ዓመት ስሸሸው ነበር፤ ደግሞ ደስ ይላል።

በመጨረሻ ያድሩበት የነበረው የተማሪዎች ሕንጻ ያለበት መንገድ ደረሱ። ሕንጻው የለም፤ በቦታው መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ቆሟል። ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ዛፉ ግን እሱው ነው» አሉና በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ምስሉ ተገልብጦ ሰማይ ብቻ ሆነ። «ምን አደረግሽኝ? ገደልሽኝ እኮ!» ሲሉ ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ።

ማታ ናርዶስ ለብቻዬ ይዛኝ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ዳዲ፣ ዓርብ እሱ አይናገርም አይደል? ሦስቱም ደቂቃ ማይን ነው። በሰዓት ነው የተለማመድኩት።»

«አይናገሩም» አልኳት። ለሽማግሌው በዝምታ ዋሽቻለሁ፣ ለልጅቷ ደግሞ በቃል ዋሸሁ። ዓርብ ሁለቱ ውሸቶች አንድ ክፍል ውስጥ ሊገናኙ ነው።

ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ሰብለ በር ላይ ቆማ «ዛሬ ሳትነግራቸው እንዳትመለስ» ብላ ሸኘችኝ። እስከ ዴ ሞይን ድረስ መሪ ጨብጬ ስለማመድ ሄድኩ፦ «አይ ጋሼ፣ የምትቀርበው ልጅቷ ናት። አይ ጋሼ፣ የምትቀርበው…»

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ትዕግሥት ናት። ነርስ ናት፣ ቆፍጣና ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ዓይኖቿ እርጥብ ብለዋል። «ምን ብዬ ላመስግንህ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጸጉሩን ተስተካከለ። ሱፉን ላውንድሪ ወስጄለታለሁ። ጠዋት ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ፊት ቆሞ ሲለማመድ ሰማሁት። አሜሪካ ከመጣ አንድም ሰው ስለ ምንም ነገር ጠይቆት አያውቅም እኮ።»

አሁን ይህን ሰምቶ የሚናገር ጀግና ካለ ይምጣና እጁን ልሳም። ቢሆንም ወደ ኩሽና ዘለቅሁ። ጋሽ ዘውዴ ሽርጥ ታጥቀው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…»

«እንኳን መጣህ! ካሮት መክተፍ ትችላለህ?»

ለካስ ስለ ከተማ ሲናገሩ ምግቧን ሳያቀምሱ መቅረት ነውር ሆኖባቸው፣ ለክፍሉ ሁሉ ፕሎቭ ሊሠሩ ነው። ፕሎቭ ማለት ኡዝቤኮች ሩዝ ከካሮትና ከበግ ሥጋ ጋር የሚያበስሉት ምግባቸው ነው። ግን ዓርብ ጾም ነው። «በግ የሌለበት ፕሎቭ!» አሉ ጋሽ ዘውዴ፣ ሽምብራውን ከዘቢቡ ጋር እያገላበጡ። «ኡዝቤኮች ቢሰሙ ዲግሪዬን ይነጥቁኛል።» ሃያ አራት ልጅ ነው ብያቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ሰው ተጠርቶ ምግብ ቢያንስ አፍራለሁ ብለው ከማኅበር ሴቶች የተዋሱት ድስት እኔን ከነጫማዬ ይይዘኛል። «ቀጭን አድርገው! እንደ ክብሪት እንጨት!» እያሉኝ ካሮት ስከትፍ ዋልኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ «ጋሼ…» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ «ይቺ ወፍራም ናት» እያሉ ካሮቴን ይመልሱልኛል። እንግዳ ልቀንስ ሄጄ ድስት ጨምሬ ተመለስኩ። ሰብለ ጣቶቼ ብርቱካናማ ሆነው ስታይ ሳሙናውን ገፋ አደረገችልኝ።

ዓርብ ደረሰ። ግራጫ ሱፍ፣ ቀይ ክራቫት፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። አሥሩ ገጽ በደረት ኪሳቸው ገብቶ ጫፉ ብቅ ብሏል። እኔና ሰብለ ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዘን ከኋላ ከኋላቸው እየተንገዳገድን ትምህርት ቤቱ ቢሮ ገባን።

ጸሐፊዋ መጀመሪያ ድስቱን አየች፣ ቀጥሎ ጋሽ ዘውዴን አየች። እቤት የተሠራ ምግብ ክፍል ውስጥ እንደማይገባ በትሕትና ነገረችን፤ ድስቱ እሷው ጋ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ እንግዳ መግባት የሚችለው ቤተሰብ ብቻ እንደሆነ ተናግራ፣ እኚህ ሰው ለልጅቷ ምኗ ናቸው አለችኝ። በውስጤ «ተመስገን!» አልኩ። ሕግ ራሱ መጥቶ ገላገለኝ፤ እኔ ሳልናገር መንግሥት ይነግርልኛል። «ዌል… እሳቸው እንኳ…» ብዬ ስንተባተብ ጋሽ ዘውዴ ጠጋ ብለው በጠራ እንግሊዝኛ «ግራንድፋዘር» አሉ። ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ ስማቸውን ጽፋ፣ ተለጣፊዋን የእንግዳ ወረቀት ሱፋቸው ላይ አደረገችላቸው። ክራቫታቸውን አቃኑ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወንበሮች የልጅ ወንበሮች ናቸው። ጋሽ ዘውዴ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ከኋላ ረድፍ በኔና በሰብለ መሐል አስቀመጥናቸው፤ እጃቸው ቢንቀሳቀስ ከሁለት በኩል ልንይዛቸው ነው። ሰሌዳው ላይ ሰከንድ ወደ ኋላ የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት በርቷል። የሬይክያቪኳ ልጅ ስለ ፍል ውሃ ተናገረች፤ ደህና ነበረች፤ ተጨበጨበላት። «ናርዶስ» አለች መምህርቷ።

ናርዶስ ወጣች። ሰዓቱ ጀመረ። ታሽኬንት የመካከለኛው እስያ ትልቋ ከተማ ናት አለች። የስሟ ትርጉም የድንጋይ ከተማ ማለት ነው አለች። ከዚያ ዝም አለች።

ሁለት ዓረፍተ ነገር። ልክ እንደ ባለፈው ዓመት። ባለፈው ዓመት ያላየሁትን አሁን አየሁት፤ የቀሚሷን ጫፍ በጣቶቿ ታጣምማለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል። የሰብለ እጅ በጋሽ ዘውዴ ጀርባ አልፎ ክንዴን ያዘኝ። ልጄን ከዚያ ላወጣት ብዬ እንዳልነሳ ምን ብዬ እነሳለሁ? እኔ ስለ ታሽኬንት የማውቀው ካሮቱን ነው።

የጋሽ ዘውዴ እጅ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። አለቀ አልኩ በልቤ። አሥሩ ገጽ እስከ ግማሹ ወጣ። ልይዛቸው ነበር፤ ከዚያ ፊታቸውን አየሁትና ተውኩት። ልጅቷን ነው የሚያዩት። ወረቀቱን በመዳፋቸው ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መልሰው ገፉት። ከዚያ ጣታቸውን እንደ ተማሪ ወደ ላይ አወጡ። መምህርቷ ግራ ገባት፣ ግን ፈቀደችላቸው።

«ናርዶስዬ» አሏት በአማርኛ፣ በዚያ በማናውቅላቸው ዝግ ያለ ድምፅ፣ «እኔ ይቺን ከተማ አላውቃትም። ባቡሯ እንዴት ያለ ነው?»

ያንን ባቡር እኔ ራሴ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የጣቢያዎቹን መብራት አንድ በአንድ ቆጥረው ነግረውናል። ናርዶስ አየቻቸው። ውሸታቸው ገብቷታል፤ የከንፈሯ ጫፍ ተነሳ። ወደ ክፍሉ ዞራ መጀመሪያ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመችላቸው፣ ቀጥላ መልሱን ሰጠች። ባቡሩ ከመሬት በታች ነው፤ ጣቢያዎቹ ቤተ መንግሥት ይመስላሉ፤ ድሮ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር።

«ሙቀቱንስ እንዴት ይችሉታል?» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

በየመንገዱ ዳር ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ አለች፤ ተማሪዎች እግራቸውን ይነክሩበታል።

«ዳቦውስ?»

ክብ ነው፣ መሐሉ በማኅተም እንደ አበባ ተወግቷል። ደግሞ በዚያ መንገድ ስትሄዱ ዳቦ ሻጩን ካጣችሁት ምሳ ሄዶ ነው አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ የልጆቹ እጅ በየጠረጴዛው መውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤት እንዴት ነው፣ ውሻ አላቸው፣ በረዶ ይጥላል? ለሁሉም መለሰች። በበጋ ደግሞ ጣፋጭ ሐብሐብ ይሸጣል ስትል ጋሽ ዘውዴ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ፣ ወንበሩ ተንቋቋ፤ አልቻሉም። «በክረምትም አለ! በገመድ እየሰቀሉ ያቆዩታል!» ብለው ጮኹ።

«ጋሼ፣ ማይ ተርን!» አለቻቸው።

አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ሰዓቱ ጮኸ፤ መምህርቷ ሄዳ አጠፋችውና «ቀጥይ» አለቻት። ቀጠለች። ስንት ደቂቃ እንደተናገረች አላውቅም፤ መጨረሻው ላይ ከወላጅ ሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፣ አለቀስኩም፤ ምን ይደረጋል። ሰብለም አለቀሰች፣ በኋላ ግን ካደች።

ስንወጣ ቢሮው ውስጥ ድስቱ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ጸሐፊዋና ሁለት አስተማሪዎች በወረቀት ኩባያ እየጨለፉ ይበሉ ነበር። ሕጉ ስለ ክፍል እንጂ ስለ ቢሮ አይልም አሉን። ጋሽ ዘውዴ «በግ ቢኖረው ኖሮ!» ብለው አዘኑላቸው።

ዓርብ ከሰዓት ሀይዌዩ ምን እንደሚመስል ለሲያትል ሰው አልነግርም። ጋሽ ዘውዴ ከፊት ከጎኔ ተቀምጠዋል፣ ሰብለና ናርዶስ ከኋላ፣ ባዶው ድስት ከነሱ መሐል። ሁላችንም ስናወራ እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ዝናብ ጀመረ፤ ስለ ዝናብ ምንም አላሉም። አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገድ ዘግቶ ቆመ፤ ስለሱም ምንም አላሉም። የወረቀቶቹ ጫፍ ከኪሳቸው ብቅ እንዳለ ነው። ልብስ ማጠቢያ ፊት የተለማመዱትን ንግግር አንዲት መስመር ሳያነቡ ይዘውት ሊገቡ ነው።

«ጋሼ» አልኳቸው።

«አቤት ልጄ።»

«ምን ብለው ነበር የሚጀምሩት?»

ዞር ብለው አዩኝ። «ረጅም እኮ ነው» አሉኝ።

«መንገዱም ረጅም ነው።»

ቀስ ብለው ወረቀቱን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በእርግጥም ጠረጋው ራሱ ጊዜ ወሰደ። «ታሽኬንት የደረስኩት በጥር ወር ነው» ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ኮት አልነበረኝም። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ፣ ቋንቋዋን የማልሰማ፣ የትከሻዋን ሻል አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝና የኔን ፌርማታ አብራኝ ወረደች…»

ናርዶስ ቀበቶዋ እስኪጎትታት ድረስ ወደ ፊት አጎነበሰች። «ከዚያስ? ሻሉን መለስክላት?» አለቻቸው፣ አሁንም «አንተ» እያለች፣ ማንም ሳያርማት።

ወደ ቤታቸው የሚያስወጣው የዴ ሞይን መውጫ ላይ ስንደርስ ጋሽ ዘውዴ ገና አራተኛው ገጽ ላይ ነበሩ። ሰብለ በመስታወቱ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ፍሬቻ አላበራሁም።